ስለ ሆሎኮስት ለጠየቃችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ሆሎኮስት ናዚ ጀርመን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ስድስት ሚሊዮን ያህል አይሁዶችን የፈጀበት የዘር ማጥፋት ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ የሆሎኮስት መታሰቢያ ቀን ለምን ጃንዋሪ 27 ሆነ?

መልስ፦ የሶቪየት ጦር በ1945 የናዚዎችን የሞት ካምፕ ኦሽዊትዝን ነጻ ያወጣበት ቀን ስለሆነ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2005 ወሰነው።

ጥያቄ፦ «ስድስት ሚሊዮን የሚባለው ተጋኗል» የሚል ጓደኛ አለኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ መጀመሪያ ገዳዮቹ ናዚዎች የጻፉትን አሳየው። በሴፕቴምበር 1941 ኪየቭ አጠገብ፣ ባቢ ያር በተባለው ሸለቆ፣ በሁለት ቀን 33,771 አይሁዶችን መረሸናቸውን ለበርሊን ሪፖርት ያደረጉት ራሳቸው ናቸው።

ቀጥሎ ሟቾቹ የጻፉትን ያንብብ። የታሪክ ምሁሩ ኢማኑኤል ሪንገልብሉም በፖላንድ፣ ናዚዎች አይሁዶችን አጥረው ባጎሩበት የዋርሶ ጌቶ፣ ሰዎችን በምስጢር አሰባስቦ የቀን ማስታወሻ፣ የራሽን ካርድ፣ የልጆች ድርሰት፣ የከረሜላ መጠቅለያ ሳይቀር ያስቀምጥ ነበር። በኦገስት 1942፣ ሕዝቡ በባቡር ወደ ትሬብሊንካ የሞት ካምፕ እየተጋዘ ሳለ፣ አንድ መምህርና ሁለት ወጣቶች ሰነዱን በአሥር የብረት ሳጥኖች አድርገው ከአንድ ትምህርት ቤት ሥር ቀበሩት። ከወጣቶቹ አንዱ፣ የ19 ዓመቱ ዳቪድ ግራበር፣ ኑዛዜውን ጽፎ አብሮ ቀበረ፤ ይህ የሰነድ ሀብት ተቆፍሮ ወጥቶ እውነቱን በዓለም ፊት ሲጮህ ለማየት ተመኝቶ ነበር። እሱ አልተረፈም። ሳጥኖቹ ግን በ1946 ከፍርስራሹ ሥር ወጡ፤ ኋላ የተቀበረው ሁለተኛው የሰነዱ ክፍል በ1950 ተገኘ። ሦስተኛው ክፍል እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ጥያቄ፦ ለልጆች እንዴት እናስተምር?

መልስ፦ እባካችሁ በሬሳ ክምር ፎቶግራፍ አትጀምሩ። ልጅ ይደነግጣል እንጂ አይማርም። ከአጀማመሩ ተነሡ፤ በጀርመን አንድ አይሁዳዊ በ1935 ዜግነቱን፣ በ1939 ሬዲዮውን፣ በ1942 ድመቱንና ውሻውን ሳይቀር ተነጠቀ። ድመቱን መነጠቅ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ልጅ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ ጥላቻውን የፈጠረው ሂትለር ነው?

መልስ፦ አይደለም። በ1348 ወረርሽኝ አውሮፓን ሲፈጅ አይሁዶች «የጉድጓድ ውኃ መርዘዋል» ተብለው በእሳት ተቃጥለዋል። እኛም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም። ቤተ እስራኤልን ብረት ስለቀጠቀጡና ሸክላ ስለሠሩ «ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» እያልን ስንሸሻቸውና ስናዋርዳቸው ኖረናል። ይህን ሳንናገር ስለ አውሮፓ ብቻ ማስተማር አድልዎ ነው።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ በዘር ማጥፋት ሕግ ላይ ድርሻ አላት?

መልስ፦ አላት፤ ብዙ ሰው አለማወቁ ያሳዝነኛል። የ1948ቱን የዘር ማጥፋት ወንጀል መከላከያ ስምምነት ከዓለም አገሮች ሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት፤ ጁላይ 1 ቀን 1949። ወንጀሉን በ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም አስገባችው፤ የደርግ ባለሥልጣናት በ2006 ጥፋተኛ የተባሉት በዚሁ ሕግ ነው።