አንጉዊላ ለምን በእንግሊዝ ሥር መቆየትን መረጠች?

ጥያቄ፦ በካሪቢያን ባሕር የሚገኙ አንዳንድ ትንንሽ ደሴቶች እስከ ዛሬ በአውሮፓ መንግሥታት ሥር መሆናቸው ይገርመኛል። ነጻ አገር ያልሆኑት ለምንድን ነው? ኢኮኖሚያቸውስ ምን ተስፋ አለው? (አንባቢያችሁ ከሐዋሳ)

መልስ፦ የደሴቶቹ ሕጋዊ አቋም አንድ ዓይነት አይደለም። ማርቲኒክና ጓዴሎፕ ከ1946 ጀምሮ የፈረንሳይ አካል ሆነው በፓሪስ ምክር ቤት እንደራሴዎች አሏቸው፤ ሳባና ቦኔር ደግሞ ከ2010 ወዲህ እንደ ልዩ የኔዘርላንድስ ማዘጋጃ ቤት ይተዳደራሉ (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የእርስዎን ጥያቄ በተሻለ የሚያብራራው ግን የአንጉዊላ ታሪክ ነው።

አንጉዊላ 91 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋትና ወደ 16 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ያላት ደሴት ናት። እንግሊዝ በ1967 ከሴንት ኪትስና ከኔቪስ ጋር በአንድነት የውስጥ አስተዳደር ስትሰጣት፣ ሥልጣኑ ለዓመታት ችላ ብሎናል በሚሉት በሴንት ኪትስ መንግሥት እጅ መግባቱን አንጉዊላውያን አልተቀበሉትም። የሴንት ኪትስን ፖሊሶች ከደሴቲቱ አስወጡ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ ባካሄዱት ሕዝበ ውሳኔም 1,813 ሰዎች መለየትን ሲደግፉ የተቃወሙት 5 ብቻ ነበሩ። በማርች 1969 ለንግግር የመጣውን የእንግሊዝ ምክትል ሚኒስትር ሕዝቡ የእንግሊዝን ባንዲራ እያውለበለበ ተቀበለው፤ ይዞት የመጣው ሐሳብ ስላላስደሰታቸው ግን በዕለቱ ከደሴቲቱ እንዲወጣ አደረጉት። ከቀናት በኋላ የአየር ወለድ ወታደሮችና የለንደን ፖሊሶች ደሴቲቱን ያዙ፤ አንድም ሰው አልሞተም። በ1980 አንጉዊላ ከሴንት ኪትስ በሕግ ተለይታ በቀጥታ በእንግሊዝ ሥር ቀረች። ስለዚህ ይህ አቋም ሕዝቡ ታግሎ ያገኘው እንጂ በግድ የተጫነበት ብቻ አይደለም።

ምርጫው ጥቅም አስገኝቷል። ከ2002 ጀምሮ ነዋሪዎቹ የእንግሊዝ ዜግነት አላቸው፤ ኢርማ የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ በሴፕቴምበር 2017 ደሴቲቱን ከመታ በኋላም ለመልሶ ግንባታ ከለንደን 60 ሚሊዮን ፓውንድ ተመድቧል። በአንጻሩ አገረ ገዥው የሚሾመው ከለንደን ነው፤ የመከላከያና የውጭ ጉዳይም በእንግሊዝ እጅ ነው፤ የደሴቲቱ መንግሥት ከተወሰነ ልክ በላይ ለመበደር ፈቃድ መጠየቅ አለበት። በማርቲኒክ ከሚደረገው በተለየ፣ አንጉዊላ በለንደን ፓርላማ አንድም ወንበር የላትም። ስለ ብድራቸው የመጨረሻውን ቃል የሚናገረውን መንግሥት በድምፃቸው መምረጥ አለመቻላቸው፣ በእኔ እምነት፣ ተገቢ አይደለም።

ወደ ኢኮኖሚው ስንመጣ፣ ደሴቲቱ ወንዝ የላትም፤ አፈሯም ስስ ስለሆነ እርሻ እምብዛም አያዋጣም። ዋነኛ መተዳደሪያዋ ቱሪዝም ሲሆን፣ ይህም በአውሎ ነፋስ ወራት የሚፈተን ሥራ ነው። ያልታሰበው ሀብት የመጣው ከኢንተርኔት ነው። ለየአገሩ የድረ ገጽ አድራሻ መለያ የሆኑት ሁለት ፊደላት ሲታደሉ ለአንጉዊላ የደረሷት «ኤአይ» ነበሩ፤ እነዚህም ሰው ሠራሽ አስተውሎት በእንግሊዝኛ በአጭሩ የሚጠራባቸው ፊደላት ናቸው። ቻትጂፒቲ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም በ2022 መጨረሻ ከወጣ በኋላ በመላው ዓለም ያሉ ኩባንያዎች አድራሻውን ይሻሙበት ጀመር፤ በ2023 ብቻ ወደ 32 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገቢ ተገኘ። ይህ ከመንግሥት ጠቅላላ ገቢ ከአምስት እጅ አንዱን ይበልጣል።

ገቢው ዘላቂ ይሆናል ብሎ መደምደም ግን አይቻልም። አድራሻው ቢያንስ ለሁለት ዓመት ተመዝግቦ ጊዜው ሲያልቅ የሚታደስ በመሆኑ፣ ዛሬ የተመዘገቡት ኩባንያዎች ከከሰሩ ወይም ፋሽኑ ካለፈ የሚያድስ አይኖርም። ስለዚህ ገንዘቡ ለደመወዝና ለዕለት ወጪ ከሚውል ይልቅ ዕዳ ቢከፈልበትና ለአውሎ ነፋስ መጠባበቂያ ቢቀመጥ የተሻለ ነው እላለሁ። አንጉዊላን ዛሬ ከለንደን ጋር አጥብቆ ያስተሳሰራት ከአደጋ በኋላ ቤትና ትምህርት ቤት መልሶ የሚሠራው ገንዘብ ነው፤ ያንን ወጪ በራሷ አቅም መሸፈን ስትጀምር፣ ነጻ መውጣትም ሆነ በለንደን ፓርላማ ውክልና መጠየቅ ሕዝቡ ያለ ፍርሃት ሊወያይበት የሚችል ጉዳይ ይሆናል።