ፓምፑ አልጠፋ አለኝ

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ዳር ሽንኩርት አለኝ። ልጄ የአፈሩን እርጥበት እያየ ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋ ነገር በአርዱኢኖ (ኮድ የሚጫንባት ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ) እና በሪሌ (በአርዱኢኖው ትእዛዝ መስመር የምታገናኝና የምታቋርጥ ማብሪያ) ሠራልኝ። ሁለት ሳምንት ደህና ሠራ። ትናንት ሌሊት ግን ውሃው ሳይቆም አደረ። የሪሌዋ መብራት ጠፍቷል፣ ፓምፑ ይሠራል! ፓምፑ 1.5 የፈረስ ጉልበት፣ ሲንግል ፌዝ ነው። ልጄ «ኮዱ ልክ ነው» ይላል።

መልስ፦ አብሽሩ፣ ልጅዎ እውነቱን ይመስለኛል። ጥፋቱ ሰማያዊዋ ሳጥን፣ ማለትም ሪሌዋ ውስጥ ነው። ብሬከሩን ያውርዱና የፓምፑን ሽቦ ከሪሌዋ ይንቀሉ። ሽቦው በነበረበት በሁለቱ ቀዳዳዎች ላይ ልጅዎ መስመር ሲገናኝ የሚጮኸውን ቴስተር ያድርግ። ከጮኸ፣ ውስጥ ያሉት ብረቶች ተጣብቀዋል። በእስክሪብቶ ቆርቆር ሲያደርጓት ጩኸቱ ሊቆም ይችላል። ተላቀቀች ብለው ግን መልሰው እንዳያስገቧት፤ አንዴ የተጣበቀች ደግማ ትጣበቃለች።

ሳጥኗ ላይ 10 አምፔር ይላል። ፓምፑ ሲሠራ 8 አምፔር ገደማ ይስባል። ይበቃል ያስብላል፣ እኔም ብሆን እገዛት ነበር። ጉዱ አነሳሱ ላይ ነው። ሐረጎ ዳገት ላይ የቆመ ጭነት መኪና መልሶ ሲነሳ አይተዋል? ሞተርም እንደዚያው ነው። ሲነሳ ለአፍታ ከ5 እስከ 7 እጥፍ ይስባል፤ 40 አምፔርና ከዚያ በላይ ማለት ነው። ብረቶቹ መሃል ብልጭ ይላል፣ ይቀልጣሉ፣ ይበየዳሉ።

ስለዚህ ኮይሉ (የሚቀሰቅሰው ጥቅል ሽቦ) 220 ቮልት የሆነ ኮንታክተር፣ ማለትም ለሞተር የተሠራ ትልቅ ሪሌ፣ ከነኦቨርሎዱ (ሞተሩ ከልክ በላይ ሲስብ ከሚያቋርጠው) ይግዙ። ለሻጩ የፓምፑን ታርጋ ፎቶ አንስተው ያሳዩት። አዲሷ ሪሌ ኮንታክተሩን ብቻ ትቀስቅስ፣ ፓምፑን ኮንታክተሩ ይሸከም። ወደ ኮንታክተሩ ኮይል የሚሄደውን ሽቦ በሪሌዋ «ኤን ኦ» (NO፣ ሪሌዋ ስትጠፋ የሚቋረጥ) በሚለው ቀዳዳ ያስሩት፤ አርዱኢኖው ቢሞት ፓምፑ ይቆማል። ይሄን ማሰር ግን የኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው። እርጥብ መሬት ላይ 220 ቮልት ቀልድ አያውቅም።

አሁን ወደ ሽንኩርቱ። ውሃ ከተኛበት ዛሬውኑ ቦይ ቀድደው ያፍስሱት፤ ከሰነበተ ሥሩ ይበሰብሳል። ቀጣዩን ውሃ በሴንሰሩ ሳይሆን በእጅዎ ይወስኑ። ከሥሩ አጠገብ ጣት ያህል ቆፍረው አፈሩን ጨበጥ ያድርጉ። ከተድቦለቦለ ይቆዩ፣ ከፈረሰ ያጠጡ። በቅርቡ ዩሪያ ጨምረው ከነበረ ከፊሉ ታጥቦ ሄዶ ይሆናል። ቅጠሉ ቢጫ ማለት ካልጀመረ ግን አይድገሙት።