ቤንዚኑ ነው ያልኩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ስልክ ቁጥሬን ከሰው ተቀብሎ ደወለልኝ። ከአያቱ የወረሳት ቮልስ አለችው፤ ሞተሯ 1500 ነው። "ጋሼ፣ ጉልበት የሚጨምር ዕቃ ከየት ይገኛል? 87 ሚሊ ሜትር የሚባል የፒስቶንና የሲሊንደር ሙሉ ዕቃ አይቻለሁ። የሞተሩ ቀፎ ሳይነካ ዝም ብሎ ይገጠማል ይላሉ" አለኝ። "አላውቅም" ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት።

ዋሸሁት። ስለዚያ ዕቃ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነስቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ለእሱም፣ እንደ እሱ አሮጌ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ይዘው ለሚንከራተቱ እኩዮቹም ይሁን።

በ1989 ዓ.ም. የራሴን ጋራዥ ከከፈትኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ከደንበኞቼ አንዱ ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ ነበሩ፤ ጋሼ እያልኩ ነበር የምጠራቸው። ቮልሳቸውን እንደ ልጅ ነበር የሚይዟት። በፊተኛው ኪስ ውስጥ አንዲት ጠባብ ደብተር አለች፤ የቀዱት ቤንዚን፣ የነዱት ኪሎ ሜትር፣ ዘይት የተቀየረበት ቀን በዚያ በአስተማሪ የእጅ ጽሑፍ ተደርድሯል። እህታቸው መተሐራ ነበር የሚኖሩት። ጋሼ በየዓመቱ ቅዳም ሥዑር ጠዋት የፋሲካውን በግ ከኋላ ወንበር ላይ አስረው ወደዚያ ይወርዳሉ። የቮልስ የፊት ዕቃ መጫኛ በግ አይችልም፤ ሞክረነዋል። ለማንኛውም፣ ከበዓል በኋላ ያችን መኪና ማጠብ ለጋራዡ ልጆች ቅጣት ነበር።

የጠየቁኝ ነገር ቀላል ነበር። "ስመለስ ከወለንጪቲ በኋላ ያለው አቀበት ላይ ትደክማለች፤ የፒስቶኑን ቀለበት፣ ፋሻውን፣ እይልኝ" ነው ያሉኝ። ፋሻ ቀይሬ፣ ቫልቭ አስተካክዬ ብመልስላቸው ሥራው ያልቅ ነበር። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ያልሞላኝ፣ እጄን የሚበላኝ መካኒክ ነበርኩ። በዚያው ሰሞን የባለቤቴ ወንድም ከሎስ አንጀለስ ሲመጣ አራት ሲሊንደርና አራት ፒስቶን በሻንጣው ይዞልኝ ነበር። የብረቱ ክብደት ለሌላው ሰው ሊመጣ የነበረውን ልብስና ጫማ ሁሉ አስቀርቷል፤ አማቴ እስከ ዛሬ አልረሳችውም። ዕቃው ያው ልጁ የጠየቀኝ 87 ነበር።

ለጋሼ ምንም ሳልነግራቸው ገጠምኩላቸው። ዋጋውንም አልጨመርኩም፤ ስጦታ ነው ብዬ ነበር ለራሴ የማወራው። ስጦታ አልነበረም። የሞተሩን ድምፅ መስማት የፈለግኩት እኔ ነበርኩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዳዩ ያለው እዚህ ነውና። የ1500 ሞተር የሲሊንደር ስፋት 83 ሚሊ ሜትር፣ የፒስቶኑ ጉዞ 69 ነው። ስፋቱ ወደ 87 ሲያድግ ሞተሩ ከ1493 ወደ 1641 ሲሲ ይሄዳል። ቤንዚኑ የሚነድበት የቴስታታው፣ ማለትም የሲሊንደሩ ክዳን፣ ጓዳ ግን ባለበት ነው። ስለዚህ ፋብሪካው 7.5 ያደረገው ኮምፕሬሽን፣ ማለትም አየሩና ቤንዚኑ የሚታመቅበት መጠን፣ ሌላ ምንም ሳይነካ ከ8 ያልፋል። እኔ ደግሞ በዚያ ላይ ቴስታታዎቹን ቶርኖ ቤት ወስጄ ሲሊንደሩ የሚቀመጥበትን ወለል ዝቅ አስደረግኩ። ምን ያህል? "ትንሽ"። አልለካሁም። የሂሳብ አስተማሪ ደንበኛ እያለኝ፣ በአንዲት ወረቀት ጀርባ ላይ በደቂቃ ሊያሰሉልኝ የሚችሉ ሰው እያሉ፣ በዓይኔ ገመትኩ።

ሞተሩ ሲነሳ ግን! አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ ሞተር እዚህ የሚያገኘው አየር ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚያገኘው ሦስት አራተኛው ቢሆን ነው። ስለዚህ እመቃው ቢበዛም ሞተሩ ችሎ ዝም ይላል። ጥቁር ጭስ ሲያወጣ የካርቡራተሩን ዋና የነዳጅ ቀዳዳ በጠባቧ ቀየርኩ። ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትንም ጊዜ ትንሽ አስቀደምኩት። ሁሉም ተስማማው። እንጦጦን በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁባት፤ ሌላው ቮልስ በሁለተኛ እያቃሰተ የሚወጣውን አቀበት ማለት ነው። አናቱ ላይ አቁሜ ብቻዬን ሳቅኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ዛሬም ሳስበው ፈገግ ያሰኘኛል፤ ሊያሳፍረኝ ሲገባ።

ሙያውን ያስተማረኝ አስመራ የሠለጠነ ሽማግሌ ነበር። ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ የሚሉትን የጣሊያን ቃላት ሁሉ ያገኘሁት ከእሱ ነው። የካቻቢቴውን ብረት ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጥ ነበር፤ ልክ እንደ ሐኪም። "ሞተር አገሩን ያውቃል" ይል ነበር። ያን ጊዜ የሽማግሌ ወሬ ይመስለኝ ነበር። እሱ ራሱ ደግሞ ብዙ ከንቱ ወሬም ያወራ ስለነበር የትኛውን እንደምይዝ አላውቅም ነበር።

ጋሼ መኪናቸውን ለሦስት ሳምንት ከተማ ውስጥ ነዷት። "ልጅ ሆናለች" አሉኝ፤ ደስ ብሏቸዋል። ቅዳም ሥዑር ጠዋት በጉን ጭነው ወረዱ።

በፋሲካ ማግስት ከመተሐራ ስልክ ተደወለ። በሰቃ ሐይቅ ጋ፣ ያ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ሞተሩ መንኳኳት ጀመረ፣ ከዚያም አንድ ጊዜ ጮኾ ቆመ። እሳቸውና በጉ መተሐራ የገቡት በጋሪ ነበር። መኪናዋ በሳምንቱ በጭነት መኪና ተጭና መጣች።

ሞተሩን የከፈትኩት ማታ፣ ሠራተኞቹ ከሄዱ በኋላ ነው። የ3ኛው ሲሊንደር የጭስ ማስወጫ ቫልቭ ራሱ ተቆርጦ ፒስቶኑን በስቶታል። የሌሎቹ ካንዴላዎች ነጭ ሆነዋል፤ በ4ኛዋ ጫፍ ላይ የቀለጠ አሉሚኒየም እንደ አሸዋ ተበትኗል። ምን እንደሆነ ለማወቅ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። መተሐራ ከባሕር ጠለል በላይ አንድ ሺህ ሜትር እንኳ አይሞላም። አየሩ ወፍራም ነው፤ ሞተሩ ጠጥቶ ይጠግባል፤ እኔ ያበዛሁት እመቃ እዚያ ላይ ትክክለኛ ክብደቱን አሳየ። ነዳጁን አጥብቤያለሁ፣ እሳቱን አስቀድሜያለሁ፣ የሲሊንደሮቹ ግድግዳ ስስ ነው፣ ወሩ ሚያዝያ ነው። ለአዲስ አበባ ልክ የነበረው ነገር ሁሉ ለቆላ ወንጀል ነበር።

3ኛው ለምን ቀደመ? የቮልስ ሞተር ውሃ የለውም፤ ሕይወቱ ንፋስና ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ነው። በአሮጌዎቹ ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው በንፋስ መምሪያው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከ3ኛው ሲሊንደር በላይ ነው። ለ3ኛው የሚደርሰው የተራረፈና የሞቀ ንፋስ ነው። ፋብሪካው ራሱ ይህን አውቆ እ.ኤ.አ. በ1971 ሞዴል ላይ ማቀዝቀዣውን ከመንገድ አውጥቶ የራሱን ቤት ሠራለት። የጋሼ መኪና ከዚያ በፊት የተሠራች ነበረች። ይህንንም አውቅ ነበር። አለማወቅ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ተኝቼ ነበር።

በማግስቱ ጋሼ መጡ። የተበሳውን ፒስቶን በጨርቅ ይዤ አሳየኋቸውና "ቤንዚኑ ነው ጋሼ። ውሃ የገባበት ቤንዚን ነው የቀዱት" አልኳቸው።

ምንም ሳይሉ ደብተራቸውን አወጡ፣ ገለጡ፣ በጣታቸው አሳዩኝ። ጸሎተ ሐሙስ፣ 36 ሊትር፣ አዲስ አበባ፣ ሁልጊዜ ከሚቀዱበት ማደያ። ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ነገር የለም። የቮልስ ታንክ 40 ሊትር ይይዛል፤ መተሐራ ከ200 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በመንገድ ላይ አልቀዱም። በዚያው ቤንዚን ዓርብ ቀን ሙሉ ከተማ ውስጥ ነድተዋል።

ዝም አልኩ። ደብተሩን ዘጉና "እንግዲህ አንተ ካልክ" አሉ። ሞተሩን እንደገና በኦሪጅናሉ ስፋት ሠራሁት፣ ሒሳቡንም ሙሉውን ተቀበልኩ። በጡረታ ገንዘብ በሦስት ጊዜ ከፈሉኝ።

ከዚያ በኋላ ለዘጠኝ ዓመት ደንበኛዬ ሆነው ቆዩ። ያችን ቮልስ ግን ከቢሾፍቱ አሳልፈው አልነዷትም። መተሐራ በአውቶቡስ መሄድ ጀመሩ፤ በኋላም ተዉት። ሲያርፉ ለቅሶ ሄድኩ። እህታቸው ድንኳን ውስጥ ለተቀመጡት ሰዎች ስለ መኪናዋ ሲያወሩ "ውሃ የገባበት ቤንዚን ነው የበላት፤ ይህ ልጅ ምን ያድርግ፣ እንደገና ሠራላቸው" ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ። ሰዎቹ በምስጋና አዩኝ። ንፍሮውን አፌ ውስጥ ይዤ ማላመጥ አቃተኝ።

እንግዲህ ወደ ዕቃው። 87ቱን አትግዙ። ቀፎ ሳይነካ የሚገባው ግድግዳው ስለሳሳ ነው፤ ሲሞቅ ክብነቱን ይስታል። የ1600ው 85.5 ወፍራም ነው፤ እሱም በ1500 ቀፎ ያለ ሥራ ይገባል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ቀፎውንና ቴስታታውን አስፍቶ 90.5 ያስገባና 1776 ሲሲ ያገኛል፤ ነገር ግን ቀፎው ማግኒዥየም ነው፤ ፍቅፋቂው እሳት ይይዛል። ይህን የማያውቅ ቶርኖ ቤት አይንካባችሁ።

ከጉልበት ዕቃ በፊት ግን የ1971ኛውን የንፋስ መምሪያ ቆርቆሮ ከነማቀዝቀዣውና ከነሰፊው ማራገቢያ ፈልጉ። ሶማሌ ተራ ታገሱና ቆፍሩ፤ የተጣመመ ቢሆንም ይቃናል። ማንም ፎቶ የማያነሳው ዕቃ ነው። የዛሬ ልጆች የሚያብረቀርቅ ካርቡራተርና የሚጮህ ማርሚታ ነው የምትወዱት፤ ቆርቆሮ ምን ያደርግልናል ትላላችሁ። በሌላ በኩል እኛ አንድ የተቀዳደደ መመሪያ መጽሐፍ ለአሥር ሰው ስንዋዋስ እናንተ ሌሊቱን ሙሉ ታነባላችሁ። ያ የደወለልኝ ልጅ የቫልቭ ክፍተቱን 0.15 ብሎ በቃሉ ነገረኝ። በዕድሜው እኔ በስሜት ነበር የማስተካክለው።

ሞተራችሁ ምን እንደሆነ በወሬ አትመኑ። ከዲናሞው እግር ሥር የተመታውን ቁጥር አንብቡ፤ በ"ዲ" ከጀመረ 1200፣ በ"ኤፍ" 1300፣ በ"ኤች" 1500፣ በ"ኤዲ" 1600 ነው። እሱም የሚነግራችሁ ስለ ቀፎው ብቻ ነው፤ በሃምሳ ዓመት ውስጥ እንደ እኔ ያለ ሰው ምን እንደከተተበት ማን ያውቃል።

ተራ መለዋወጫ አያስቸግርም፤ ይህች መኪና ሜክሲኮ ውስጥ እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ድረስ ስትሠራ ነበር። የጉልበት ዕቃ ነው በሻንጣ የሚመጣው። በሻንጣ የመጣ ዕቃ ደግሞ አልወድም፤ መመለሻ የለውም፣ ስለዚህ ባይሆንም ይገጠማል። ይህን ስል የእህቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ሁለት ካርቡራተር እስክታመጣልኝ እየጠበቅኩ ነው። ለራሴ መኪና ነው። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ።

ለደወልክልኝ ልጅ፦ ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን ይዘህ ና። ከፋርማሲ 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መርፌ ግዛ፤ የቴስታታውን ጓዳ ዘይት እየሞላን እንለካዋለን፣ ሒሳቡን አንተ ትሠራለህ። የሚቀያየሩ የካርቡራተር የነዳጅ ቀዳዳዎች በሁለት የክብሪት ሣጥን አስቀምጬልሃለሁ፤ በአንዱ ላይ "አዲስ አበባ"፣ በሌላው ላይ "መተሐራ" ብዬ ጽፌበታለሁ። ስልኩን ስለዘጋሁብህ ይቅርታ።