ካቻቢቴውን ከማንሳታችሁ በፊት

የዚህ ወር የመልእክት ሳጥኔ የላፕቶፕ ጥገና ቤት መስሏል። "ተንቀራፈፈብኝ"፣ "ስታክ እያደረገ አስቸገረኝ"፣ "ራም ላስጨምር ወይ?" የሚሉት ከግማሽ በላይ ናቸው። ላፕቶፕ በየሦስት ዓመቱ የሚቀይር ሰው በመካከላችን ብዙ ስለሌለ፣ ያለውን ማጠናከር ደግ ነው። የሚያሳዝነኝ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ገዝቶ በኋላ መጠየቁ ነው። ለማያውቅ፦ ራም ላፕቶፑ አሁን የሚሠራበትን የሚይዝበት ጊዜያዊ ማስታወሻው ነው፤ ኤስኤስዲ ደግሞ ፋይል የሚቀመጥበት ፈጣን ዲስክ ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ፣ የጠያቂዎቹን ስም ትቼ አቅርቤያለሁ።

"ያለኝ ብር ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። ራም ይቅደም ወይስ ኤስኤስዲ?" — ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

ላፕቶፗ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ነው፤ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 5፣ 6ኛ ጀነሬሽን፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። "አብርቼው ቡና አፍልቼ ስመለስ ገና እየተነሳ ነው" ትላለች።

እህቴ፣ ኤስኤስዲው ይቅደም። ቡናው ራሱ መስክሮልሻል። ላፕቶፑ ሲነሳ ዊንዶውስ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎችን ከዲስኩ እየለቀመ ነው። የአንቺ ዓይነቱ ዲስክ ውስጡ እንደ ሸክላ ማጫወቻ ነው፤ ሳህኑ ይሽከረከራል (በላፕቶፖች ላይ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ዙር)፣ መርፌ መሰል ክንድ ደግሞ ላዩ ላይ ይመላለሳል። አንድ ረጅም ፊልም በተከታታይ ሲያነብ አይታማም። ፋይሉ አንዱ እዚህ ሌላው እዚያ ሲሆን ግን ክንዱ እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ሲንከራተት ይውላል። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ የትኛውም ፋይል ለእሱ እኩል ቅርብ ነው።

እኔን ማመን የለብሽም፤ ራስሽ እዪው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኚ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ በሚለው ገጽ ላይ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ ከቀረ ጥፋተኛው እሱ ነው። ክሮምና ዎርድ ከፍተሽ ስትሠሪ ሜሞሪው 90 ካለፈ ራምም አንሶሻል ማለት ነው፤ በ4 ጊጋ ደግሞ ማለፉ አይቀርም። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስኩ ይገፋዋል። ዲስኩ ፈጣን ከሆነ የራም እጥረቱም በከፊል ይቀልላል። ራም ብትጨምሪ ግን ቀርፋፋው ዲስክ ያው ቀርፋፋ ነው። ኤስኤስዲ ይቅደም ያልኩሽ ለዚህ ነው።

የምትገዢው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ይሁን፣ 256 ጊጋ ይበቃሻል። በሰከንድ እስከ 550 ሜጋ ባይት ያነባል። ሻጩ "ኤንቪኤምኢ ይሻላል፣ 3,500 ያነባል" ቢልሽ (ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት ነው) አልዋሸም፤ ጥናትሽን ለመጻፍና ብሮውዘር ለመክፈት ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ እንደ መዝለል አይሰማሽም። ብር ስታገኚ ያንቺ ማሽን ሁለት የራም ቦታ ስላለው አንድ ዲዲአር 4 (4ኛው የራም ትውልድ) ትጨምሪበታለሽ።

አንድ ነገር ልደብቅሽ አልፈልግም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በአብዛኛው 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ነው የሚቀበለው። ላፕቶፕሽ ከዝርዝሩ ውጭ ነው። አስገድደው የሚጭኑ አሉ፤ እኔ ግን በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራውን ነጻ ሲስተም፣ ሊኑክስ ሚንትን፣ ከፍላሽ አስነስተሽ እንድትሞክሪ እመርጣለሁ። ሳትጭኚው መሞከር ይቻላል።

"የገዛሁት ራም አልገባ አለኝ። ጎኑን በሞረድ ትንሽ ብነካው?" — አባወራ፣ ከአዳማ

ጌታዬ፣ ሞረዱን ወደ ሳጥኑ ይመልሱልኝ።

በራሙ የወርቅማ ጥርሶች መካከል ያለችው ክፍተት ቦታዋ በየትውልዱ የተለየ እንዲሆን የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ ያልሆነ ራም እንዳይገባ። የእርስዎ ላፕቶፕ 4ኛ ጀነሬሽን ነው ብለውኛል፤ የሚፈልገው ዲዲአር 3 ኤል ነው፣ 204 ጥርስ ያለው። በእጅዎ ያለው ዲዲአር 4 ባለ 260 ጥርስ ነው። የመጀመሪያው በ1.35 ቮልት፣ ሁለተኛው በ1.2 ቮልት ይሠራል። ሞርደው ቢያስገቡት እንኳ ከራሙ ጋር የላፕቶፑ ዋና ቦርድም ሊሄድ ይችላል።

ለልጅ ጫማ ሲገዙ እግሩን በስንጥር ለክተው ይሄዱ የለ? ይህም እንደዚያው ነው። የነበረውን ራም ነቅለው በወረቀት ጠቅልለው ሱቅ ይውሰዱት። ከላዩ ላይ ባለው ወረቀት "ፒሲ 3 ኤል" የሚል ያገኛሉ፤ አዲሱም ላይ ያችው "ኤል" መኖር አለባት። ያለ ኤል የሆነው 1.5 ቮልት የሚፈልግ ነው፣ ክፍተቱ አንድ ስለሆነ ይገባልዎታል፣ ግን ላፕቶፑ ላይነሳ ይችላል። ፍጥነታቸው ቢለያይ አያስጨንቅም፤ ሁለቱም በቀርፋፋው ልክ ይሄዳሉ።

"አምና የጠየቅኩት ራም ዘንድሮ ዋጋው ሌላ ነው። ነጋዴዎቹ ናቸው?" — ከመገናኛ

የዚህኛውስ ሁሉንም በነጋዴ ላይ አላላክክም። በዓለም ላይ አብዛኛውን ራም የሚያመርቱት ሦስት ናቸው፤ ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡት ዳታ ማዕከሎች ምርቱን እየጠለፉት ስለሆነ ከ2025 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ጀምሮ ዋጋው በእጅጉ ወጥቷል። ማይክሮን ጭራሽ ክሩሻል በሚለው ስም ለግለሰብ ከሚሸጥበት ገበያ እንደሚወጣ በዲሴምበር 2025 አስታውቋል። ያገለገለ ራም ግዛ፤ ራም እንደ ኤስኤስዲ በመጻፍ ብዛት የሚያልቅ ዕቃ አይደለም። ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት ላፕቶፕህ ላይ አስገብተህ ራም የሚፈትሸውን ፕሮግራም፣ ሜምቴስት 86ን፣ አንድ ዙር አስኪደው።

"8 ጊጋ ማክቡክ ኤር በቅናሽ አገኘሁ። ለእህቴ ልላክላትና ራሙን አዲስ አበባ ታስጨምር?" — ከሲልቨር ስፕሪንግ

አታስጨምርም፣ ወንድሜ። ማክቡክ ኤር ከመጀመሪያው ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። ከ2020ው ኤም 1 ወዲህ ደግሞ ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ላይ ታሽጓል፤ ማከማቻውም ተበይዷል። ስትገዛው የሰጡህ ነው እስከ መጨረሻው። 8 ጊጋው ለትምህርቷ ከበቃ ላክላት፣ ቦታ ሲጠባት ውጫዊ ኤስኤስዲ ትሰካለች። "በኋላ ይጨመራል" ብለህ ግን አትላክ።

የሚጨመርለት ከፈለግህ ያገለገለ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ፈልግ። የ2018 ነው፣ ሁለት የዲዲአር 4 ቦታ አለው፣ ፕሮሰሰሩ 8ኛ ጀነሬሽን ከሆነ ዊንዶውስ 11ም ይቀበለዋል። ቲ480ኤስ ግን ሌላ ነው፤ ከስሙ መጨረሻ ያለችው "ኤስ" አንዱን ራም ቦርዱ ላይ አስበይዳዋለች፣ የሚቀየር አንድ ብቻ ቀርቷታል። ኤክስ 1 ካርበን ላይ ያ አንዱም የለም። ቀጭንና ቀላል ላፕቶፕ ስታይ ልብህ ይጠርጥር። ሌኖቮም ኤችፒም ዴልም የጥገና መመሪያቸውን በነጻ ድረ ገጻቸው ላይ ስላስቀመጡ ካርድህን ከማውጣትህ በፊት የሞዴሉን ሙሉ ስም ጽፈህ እሱን አንብብ።

"እጄ ይንቀጠቀጣል። እውነት ራሴ ልከፍተው እችላለሁ?" — መምህር፣ ከሐዋሳ

መምህር፣ ይችላሉ፤ መፍራትዎም ጥሩ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ስከፍት አልፈራሁም ነበር። የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ ነው፤ ብሎኖቹን ፈትቼ የላይኛውን ክፍል ብድግ ሳደርገው "ጠቅ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የማውዝ መዳፊያውን ከቦርዱ ጋር የሚያያይዘው እንደ ክር የሳሳ ጠፍጣፋ ገመድ ነበር የተበጠሰው። ራሙ ገባ፣ ልጁ ግን እስኪሸጠው ድረስ በውጭ ማውዝ ሠራ። እስከ ዛሬ ያነሳብኛል። እና ክዳኑ ሲላቀቅ በአንድ ጊዜ አያንሱት፤ ጣት የሚያህል ከፍ አድርገው ከሥር የተያያዘ ነገር እንዳለ ጎንበስ ብለው ይዩ።

ቅድሚያ ግን መብራቱ። ሺፍትን ተጭነው ሻት ዳውን ይበሉት፤ ያለዚያ ዊንዶውስ በግማሽ ተኝቶ ነው የሚቀረው። ቻርጀሩን ይንቀሉ። ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ከሆነ ያውጡት፤ ውስጥ ከሆነ ክዳኑ እንደተከፈተ ከሁሉ አስቀድመው የባትሪውን ሶኬት ይንቀሉ። በብዙ ቲንክፓዶች ላይ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ገብቶ የውስጡን ባትሪ ማጥፋትም ይቻላል። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ አሥራ አምስት ሰከንድ ያህል ተጭነው የቀረውን ያራግፉት። ሹራብዎን ያውልቁ፣ ምንጣፍ ላይ ሳይሆን በእንጨት ጠረጴዛ ላይ ይሥሩ፣ ራሙን ከመንካትዎ በፊት ቀለም ያልተቀባ ብረት ይንኩ። ሰውነታችን ላይ ያለው የማይሰማን ኤሌክትሪክ ቺፕ ይገድላል።

ካቻቢቴው ባለ መስቀል፣ ቁጥር 0 ይሁን። በትልቅ ካቻቢቴ የብሎኑን ራስ ከበሉት መውጫ የለውም። ባዶ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ጀርባ ይሣሉና እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ በፕላስተር ይለጥፉት፤ ረጅሙን በአጭሩ ቀዳዳ ካስገቡት የእጅ ማሳረፊያውን በስቶ ብቅ የሚልበት ጊዜ አለ። ዙሪያውን ለማላቀቅ ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ ከቢላ ይሻላል።

ራሙን ሁለት የብረት ጆሮዎች ግራና ቀኝ ይዘውታል። ወደ ውጭ ገፋ ሲያደርጓቸው እሱ ራሱ ተስፈንጥሮ ዘንበል ብሎ ይነሳል። አዲሱን በዚያው ዘንበል አድርገው፣ የወርቅማው ጥርስ ሊታይ እስከማይችል ድረስ ይግፉት፤ ከዚያ ወደ ታች ሲጫኑት ጆሮዎቹ "ቀጭ" ብለው ይይዙታል። ካላሉ አልገባም። ባለ 2.5 ኢንቹን ዲስክ ሲቀይሩ የድሮውን የብረት ማቀፊያ ፈትተው ለአዲሱ ያልብሱት። ኤም 2 የሚባለው እንደ ማስቲካ የቀጠነው ዓይነት ከሆነ በአንዲት ቅንጣት ብሎን ነው የሚታሰረው፤ እሷን ሻጩ ዝም ካሉት አይሰጥዎትም።

"ራም ጨምሬ ስከፍተው ጥቁር ስክሪን ሆነብኝ!" — ከድሬዳዋ

ከአሥሩ ዘጠኙ ራሙ በደንብ አልተቀመጠም። ባትሪና ቻርጀር ነቅለህ ራሙን አውጥተህ መልስ። እንቢ ካለ አንድ በአንድ ሞክር፤ መጀመሪያ አሮጌውን ብቻ፣ ቀጥሎ አዲሱን ብቻ። ዲዲአር 5 ከሆነ ግን ሳትነካካው ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ራሙን ሲለማመደው ይቆያል።

"ፎርማት ሳላደርግ ወደ ኤስኤስዲ መዛወር እችላለሁ? ፓወር ግዕዜ እንዳይጠፋ።" — ጸሐፊ፣ ከደሴ

ይህ ጥያቄ ልቤን ነካው። የቢሮ ጸሐፊ የሃያ ዓመት ደብዳቤ በድሮ ፊደል ጽፋ ያስቀመጠች ናት፤ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ፊደሎቹ ይቀሩና "ክቡር ሆይ" የሚለው ሁሉ የላቲን ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል።

ይቻላል፣ እሜቴ። አዲሱን ኤስኤስዲ በዩኤስቢ ማቀፊያ ይሰኩና ሙሉ ዲስኩን ይገልብጡት። ክሎንዚላ የሚባለው የመገልበጫ ፕሮግራም ነጻ ነው፣ ግን አዲሱ ዲስክ ከአሮጌው እንዳያንስ ይፈልጋል። ሳምሰንግ ለራሱ ዲስኮች የሚሰጠው ፕሮግራም፣ የተያዘው መረጃ ከበቃለት፣ ወደ አነስተኛ ዲስክም ይገለብጣል። ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ቁልፍ) ካለ አስቀድመው ያጥፉት፤ ወይም ባለ 48 አሃዙን ቁልፍ ወረቀት ላይ ይጻፉት። መብራት መሀል ላይ ቢሄድ አይደንግጡ፤ አሮጌው ዲስክ የሚነበበው ብቻ ስለሆነ እንደገና መጀመር ነው። ዊንዶውሱም ፈቃዱ ከቦርዱ ጋር ስለሆነ አዲስ አይጠይቅዎትም። የፊደል ፋይሎቹን ግን ለማንኛውም ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ። አሮጌውን ዲስክ አንድ ወር ሳይሞላው አያጥፉት።

"500 ጊጋ ገዝቼ 465 ብቻ አሳየኝ።" — ከጎንደር

አልተጭበረበርክም። ፋብሪካው አንድ ጊጋ ሲል አንድ ቢሊዮን ባይት ነው፤ ዊንዶውስ ሲል 1,073,741,824። 500 ቢሊዮንን ለዚያ አካፍለው።

"2 ቴራ ውጫዊ ኤስኤስዲ በርካሽ ገዝቼ የሠርግ ቪዲዮ ገለበጥኩበት። ስሙ ይታያል፣ አይከፈትም።" — ቪዲዮ አንሺ፣ ከአዲስ አበባ

አንተ ግን ተጭበርብረሃል። የዚህ ዓይነቱ ዕቃ ውስጡ ብዙ ጊዜ 64 ጊጋ የማይሞላ ቺፕ ወይም የሞባይል ሚሞሪ ካርድ ነው፤ "2 ቴራ ነኝ" ብሎ እንዲዋሽ ፕሮግራሙ ተቀይሯል። እውነተኛው ቦታ እስኪሞላ ደህና ይሠራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው በፊተኛው ላይ ይጻፋል ወይም ባዶ ላይ ይፈሳል፤ የፋይሎቹ ስም ዝርዝር መጀመሪያ ላይ ስለተቀመጠ ስሙ ብቻ ይቀርልሃል። ኤች 2 ቴስት ደብሊው የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ዲስኩን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። ሌሊቱን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል፤ ግን አዲስ ዲስክ ላይ ሥራህን ከማስቀመጥህ በፊት ይህን አድርግ።

ከሞላ በኋላ የገባው አይመለስም፤ አትድከም። የካሜራውን ካርድ ገና ካላጠፋኸው ግን ሌላ ምንም ሳትቀርጽበት ዛሬውኑ ገልብጠው፣ ሙሽሮቹ ሳይደውሉ።