ያስተማሩኝን መምህራን እንዴት ልምራ?

በዚህ ወር የመረጥኳቸው ደብዳቤዎች ሦስቱም ከዩኒቨርሲቲ ግቢ የተላኩ ናቸው። ሦስቱም ስለ ስልጠና ይጠይቃሉ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የመምህራንና የሠራተኞች ስልጠና አስተባብር ስለነበር ጉዳዩ ለልቤ ቅርብ ነው። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ሌክቸረር ነኝ። ባለፈው ሴሚስተር የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆኜ ተመደብኩ። ከመምህራኑ ግማሽ ያህሉ እኔን ያስተማሩኝ ናቸው። ስመደብ በሆቴል አዳራሽ የሁለት ቀን የአመራር ስልጠና ወስጃለሁ። ስለ አመራር ዓይነቶች ብዙ ስላይድ አየን፤ ሰርተፊኬትም ተሰጠን። ቢሮ ስገባ የጠበቀኝ ግን ሌላ ነው። አንድ አንጋፋ መምህር የጠዋት ክፍለ ጊዜያቸውን ደጋግመው ይቀራሉ። እሳቸው ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፌ አማካሪ ነበሩ። እንዴት ብዬ ላናግራቸው? ምን ዓይነት ስልጠናስ ልጠይቅ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥሩ ያስተማረ ሰው ኃላፊ ይሆናል። ኃላፊነቱን ግን ማንም ቁጭ ብሎ አያሳየውም። ኮርስ መደልደል፣ የፈተና ተቆጣጣሪ መመደብ፣ የውጤት ቅሬታ መስማት፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ የባልደረባን የሥራ አፈጻጸም መሙላት፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ትከሻው ላይ ይወድቃል። ከሁሉም የሚከብደው አንተ የጻፍከው ነው፤ የሚያከብሩትን ሰው ፊት ለፊት ማናገር። ይህ ስላይድ በማየት አይለመድም። የሚለመደው በመናገር ነው።

ስለዚህ ስልጠና ስትጠይቅ ይህን ጠይቅ። ከተለያዩ ትምህርት ክፍሎች የመጡ ኃላፊዎች ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጡ። አንዱ ኃላፊ፣ አንዱ መምህር ይሁን። ሦስተኛው የተባለውን ብቻ ይጻፍ፤ አስተያየት አይጨምር። ጉዳዩ የሰው ስም ሳይጠራ ከእውነተኛ ችግር ይወሰድ። ለአሥር ደቂቃ ያህል ይነጋገሩና ጽሑፉ ይነበብ። ሰው የተናገረውን ቃል በቃል ሲሰማ ብዙ ይገባዋል። «ለማስረዳት ነው የሞከርኩት» ያለው ሰው፣ ከመምህሩ አንድም ነገር እንዳልጠየቀ ያኔ ያየዋል። ከዚያ ቦታ ተቀያይረው እንደገና ይሞክሩ። ለዚህ ሆቴል አያስፈልግም። አንድ ባዶ ክፍልና ግማሽ ቀን ይበቃል።

አሁን ወደ አማካሪህ ልመለስ። ቢሮህ አትጥራቸው፤ ቢሯቸው ሂድ። በስብሰባ ላይ አታንሳው። «ተማሪዎች ያማርራሉ» ብለህም አትጀምር። እንዲህ ከተባሉ መጀመሪያ የሚያስቡት ማን እንደከሰሳቸው ነው። ቀኖቹን በትክክል ይዘህ ግባ። ለምሳሌ እንዲህ በላቸው፦ «ጋሼ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ተማሪዎቹ ጠብቀውዎት ተመልሰዋል። ምን ገጥሞዎት ነው?» ከዚያ ዝም በል። ዝምታው ቢከብድህም ጠብቃቸው።

ምክንያቱ ሕመም ሊሆን ይችላል። ደመወዙ አልበቃ ብሎ በግል ኮሌጅ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ይዘውም ሊሆን ይችላል። የመምህራንን ኑሮ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እኔም በኑሯቸው አልፈርድም። ግን ተማሪውም ከሩቅ አገር መጥቶ ዶርም ውስጥ የሚያድረው ሊማር ነው። ሰዓቱን ወደ ከሰዓት ማዛወር ይቻላል፤ ክፍሉን ባዶ መተው ግን አይቻልም። ይህን በአክብሮት ግን በግልጽ ንገራቸው። የተስማማችሁበትን በዚያው ቀን በአጭር ማስታወሻ ጻፍና ግልባጩን ስጣቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰህ ጠይቅ። ካልተስተካከለ ወደ ዲኑ የምትሄደው ያኔ ነው፤ በእጅህ ደግሞ የተጻፈ ነገር አለ።

ሌላም አንድ ነገር ልንገርህ። ከአንተ በፊት የነበሩትን ኃላፊ ቡና ጋብዛቸው። ያልተቋጨ የውጤት ቅሬታ፣ ያለፉት ሁለት ሴሚስተሮች የኮርስ ድልድል፣ ግዥ የተጠየቀበት ደብዳቤ የት የት እንዳለ ይንገሩህ። ከሁለት ቀኑ ስልጠና ይልቅ ይህ ይረዳሃል ባይ ነኝ።

ስልጠና ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። አጭር ሆኖ ከሥራው የተነጠለው ነው የማይጠቅመው። በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የተጀመረውን ከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም፣ ብዙዎች ኤች ዲ ፒ የሚሉትን፣ አንዳንዱ መምህር እንደ ሸክም ያየው ነበር። እኔ ግን ዋጋውን በዓይኔ አይቻለሁ። መጀመሪያ የታሰበው መምህራንን ለሚያሰለጥኑ መምህራን ነበር፤ በኋላ ወደ ሌሎችም ሰፋ። ዓመቱን ሙሉ ይቆያል። መምህሩ ዛሬ የተወያየበትን ዘዴ በሳምንቱ በራሱ ክፍል ይሞክረዋል። ተመልሶ ምን እንደተሳካለትና ምን እንዳልተሳካለት ይናገራል። በመጨረሻም የራሱን የማስተማር ችግር አንስቶ ተግባራዊ ምርምር ይሠራል።

በውጭም የታየው ይህንኑ ይደግፋል። ግራሃም ጊብስና ማርቲን ኮፊ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ጥናት በ8 አገሮች 22 ዩኒቨርሲቲዎችን አይቷል። ስልጠናዎቹ ከ4 እስከ 18 ወር የሚፈጁ ነበሩ። የሰለጠኑት መምህራን ትኩረታቸውን ከራሳቸው ገለጻ ወደ ተማሪው መማር አዞሩ። ለንጽጽር የተያዙት፣ ስልጠና ያላገኙት፣ ባሉበት ቆዩ ወይም ወደ ኋላ ተመለሱ። ለስልጠና የሚመደበው በጀት አለቃህ እጅ ከሆነ ይህን አሳየው።

ጥያቄ፦ በሬጅስትራር ቢሮ ስድስት ሠራተኞችን በበላይነት አስተባብራለሁ። ስልጠና ሲመጣ አበል ስላለው የሚሄዱት ሁልጊዜ እነዚያው ሰዎች ናቸው። መስኮት ላይ ተቀምጠው ከተማሪ ጋር የሚጋፈጡት ልጆች አንድም ቀን አልሄዱም። ምን ላድርግ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ ደብዳቤሽ ልቤን ነካው። ግቢ የገባ ልጅ ዩኒቨርሲቲውን መጀመሪያ የሚያውቀው በዚያ መስኮት ነው። እዚያ የሚቀመጠውን ሰው ማሰልጠን ትርፍ ነገር ተደርጎ መታየቱ ያሳዝነኛል።

ተራውን በወረቀት አውጪና ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ማን መቼ ሄደ፣ ቀጥሎ ማን ነው፣ ሁሉም ይየው። ከላይ በስም የተጠራ ሰው ካለ ዝርዝሩን ይዘሽ አለቃሽን አናግሪ። የሄደ ሰው ሲመለስ ደግሞ ለባልደረቦቹ አንድ ሰዓት ያካፍል።

ከውጭ የሚመጣውን ግን አትጠብቂ። ስህተት መዝገብ ያዢ። በሬጅስትራር የማውቀው ትልቁ ችግር የስም አጻጻፍ ነው። የተማሪው ስም በ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት ላይ በአንድ ዓይነት የላቲን ፊደል፣ በትራንስክሪፕት ላይ በሌላ፣ በፓስፖርት ላይ በሦስተኛ ይጻፋል። ልጁ ውጭ አገር ሊማር ሲያመለክት ይቸገራል። ስለዚህ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ስልጠና አዘጋጂ። ዲግሪ ከመታተሙ በፊት ተማሪው ስሙን አይቶ የሚፈርምበትን ቅደም ተከተል አብራችሁ ጻፉ። አስተማሪዋ ሥራውን አጣርታ የምትሠራው ሠራተኛ ትሁን። ምዝገባና ምረቃ በሌሉበት፣ በሴሚስተሩ አጋማሽ አድርጊው። ለዚያ ሁለት ሰዓት መስኮቱ የሚዘጋ ከሆነ ማስታወቂያውን በሳምንት ቀድመሽ ለጥፊ።

ጥያቄ፦ ከሃያ ዓመት በላይ አስተምሬያለሁ። አሁን ስለ ማስተማር ዘዴ ሰልጥን ይሉኛል። ክብሬን አይነካም? (ከጅማ)

መልስ፦ ጋሼ፣ አይነካም። ግን ስሜትዎ ይገባኛል። ልምድዎን ምንም ሳይጠይቁ እንደ ጀማሪ ካስቀመጡዎት ቅር ቢልዎት እውነትዎን ነው። ይህን ለአዘጋጆቹ በግልጽ ይንገሩ።

እስከዚያው እርስዎ በመረጡት ቀን፣ እርስዎ የመረጡትን ባልደረባ ክፍልዎ ይጋብዙ። አንድ ነገር ብቻ እንዲያይልዎት ይንገሩት። ለምሳሌ ጥያቄ ጠይቀው ለመልሱ ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቁ፣ ወይም የሚመልሱት የፊት ወንበር ተማሪዎች ብቻ መሆናቸውን። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ማይክሮ ቲቺንግም መነሻው ይኸው ነው። አጭር ትምህርት ለጥቂት ሰዎች ያስተምራሉ፣ አስተያየት ይሰማሉ፣ ያንኑ አሻሽለው ይደግሙታል። በሳምንቱ እርስዎ ደግሞ የባልደረባዎን ክፍል ገብተው ይዩለት። ከእርስዎ የሚወስደው ብዙ ነገር አለ፤ በተለይ ወጣት ከሆነ።