ለወስዋስ ስለሚታዘዙ መድኃኒቶች፦ ጥያቄና መልስ ከደሴና ከኮምቦልቻ

ፋርማሲስቱ፦ ዛሬ ማታ የምንነጋገረው ለኦሲዲ፣ ወሎ ላይ ብዙ ሰው ወስዋስ ለሚለው ሕመም፣ ስለሚታዘዙት የድብርት መድኃኒቶች ነው። ፍሉኦክሰቲን፣ ሰርትራሊን፣ ክሎሚፕራሚን። ያልተፈለገ ሐሳብ እየተመላለሰ ሰውን እንደ እጅ መታጠብ ያለ ነገር ደጋግሞ የሚያስደርግ ሕመም ነው፤ ከዚህ በላይ ትርጉሙ ውስጥ አልገባም። መጠን የሚጨምርና የሚቀንስ ያዘዘላችሁ ሐኪም ነው፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሁለት ነገር ከአሁኑ ያዙልኝ፦ በራሳችሁ አታቁሙ፣ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ አትጨምሩበት።

ከሆጤ፦ ወንድሜ ፍሉኦክሰቲን 20 ሚሊግራም ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሞላው። እጁን መታጠቡ ግን ያው ነው። አልሠራለትም ማለት ነው? ይቀየርለት?

ፋርማሲስቱ፦ ለመፍረድ ገና ነው። ይህን መድኃኒት ለድብርት የሚወስድ ሰው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ለውጥ ያያል። ለኦሲዲ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይጠበቃል፤ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሳምንቱ ሰውየው በሚችለው ከፍተኛ መጠን ላይ መቆየት አለበት። መጠኑም አንድ አይደለም። 20 ሚሊግራም ለድብርት ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ ለኦሲዲ ግን መነሻ ነው። ቀስ እያለ ወደ 40ና 60 ይወጣል፣ ጣሪያው 80 ነው። ሰርትራሊንም በ50 ተጀምሮ እስከ 200 ይሄዳል። ወንድምህ መድኃኒቱን ገና አልሞከረውም ማለት ይቀላል።

ለውጡ ደግሞ አንድ ጠዋት ድንገት አይመጣም። ሐሳቡ መምጣቱን አይተውም፣ የሚይዝበት ጉልበት ነው የሚላላው። 40 ደቂቃ ይወስድ የነበረው መታጠብ 25 ይሆናል፣ ቤተሰብ ግን አሁንም ሲታጠብ ስለሚያየው «ያው ነው» ይላል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ሰዓት ይዛችሁ ደቂቃውን ደብተር ላይ ጻፉ፣ ለቀጠሮም ያንን ይዛችሁ ሂዱ። ሕመሙ ከሦስት አንድ እጅ ያህል ከቀነሰ ጥሩ ምላሽ ነው የሚባለው። ባለ 20 ካፕሱል ሦስት ፍሬ በቀን ሲታዘዝም «ሐኪሙ ተሳስቷል» ብላችሁ አንዱን አትተዉ። መድኃኒት ቤት የምትሠሩም «ይህማ በዛ» እያላችሁ ሰው አታስደንግጡ፤ ከተጠራጠራችሁ ያዘዘውን ሐኪም ጠይቁ።

ከሰኞ ገበያ፦ መድኃኒቱ ጥሩ ነው?

ፋርማሲስቱ፦ የትኛው? ለማን? በስንት ሚሊግራም? እነዚህን ይዘህ ተመለስ።

ከኮምቦልቻ፦ ፋብሪካ ነው የምሠራው፣ ፈረቃዬ በየሳምንቱ ይቀያየራል። ፍሉኦክሰቲን በስንት ሰዓት ልውሰድ?

ፋርማሲስቱ፦ ከእንቅልፍሽ ስትነሺ፣ ጠዋትም ይሁን ማታ። እንቅልፍ ሊነሳ ስለሚችል ልትተኚ ስትይ አትውሰጂው። ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ስለሚፈጅ የሰዓቱ መዛወር አይጎዳም። ከረሳሽው በዚያው ቀን ስታስታውሺ ውሰጂ፤ ቀኑ ካለፈ የነገውን ብቻ፣ ሁለት አይደረብም።

ከሸዋ በር፦ በጾምስ? ረመዳን ላይ?

ፋርማሲስቱ፦ በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ ሰዓቱ ይዛወራል እንጂ አይዘለልም። በኢፍጣር ወስዶ እንቅልፍ እንቢ ያለው ወደ ሱሁር ያድርገው። የዐቢይ ጾም ጿሚ ከ9 ሰዓት በኋላ፣ ከምግብ ጋር ይውሰደው፤ ማቅለሽለሹም ይቀንሳል።

ከአራዳ፦ ጫት የሚቅም ሰው መውሰድ ይችላል?

ፋርማሲስቱ፦ መድኃኒቱን ይውሰድ፣ ጫቱን ይተው፤ ካልቻለ ይቀንስ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅ ዘመድ ነው። ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ምርቃናው ሲወርድም ጭንቀቱ ይመጣል። ያልተኛና የተጨነቀ ሰው ወስዋሱ ይብስበታል፣ ከዚያ «ኪኒኑ አልሠራም» ይባላል።

ከቧንቧ ውሃ፦ ሁልጊዜ ጫት ላይ ነው የምትጥሉት። አባቶቻችን ቅመው ዱዓ ሲያደርጉ ነው የኖሩት።

የፒያሳዋ፦ ዱዓውን ማን ነካው? የተጠየቀው ስለ ኪኒን ነው።

ከቧንቧ ውሃ፦ እንግዲያው ቡናም ይቅራ! አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተከልክሎ ማን ሊኖር ነው?

የፒያሳዋ፦ ቡና ከጫት ጋር አንድ ነው ያለ የለም፣ አንተ ነህ ያመጣኸው።

ፋርማሲስቱ፦ ወደ ጉዳያችን። ቡናን በሰውነት ውስጥ አጥብቆ የሚያቆየው ፍሉቮክሳሚን የሚባለው ሌላ የወስዋስ መድኃኒት ነው፣ እሱን የሚወስድ በጣም ይቀንስ። ከፍሉኦክሰቲንና ከሰርትራሊን ጋር በልክ ይጠጣል። የሚቅም ሰው ደግሞ ምን ያህል እንደሚቅም ለሐኪሙ አይደብቅ፣ በጫት ቀንም ኪኒኑን አይዝለል።

ከኮምቦልቻ፦ ክሎሚፕራሚን እየወሰድኩ ወባ ተገኘብኝ። ኳርተም ችግር አለው?

ፋርማሲስቱ፦ ኮምቦልቻና ቃሉ ወባ ያለበት አገር ስለሆነ ይህን ሁላችሁም አንብቡት። ኳርተም ውስጥ ያለው ሉሜፋንትሪን ክሎሚፕራሚንን የሚሰባብረውን የጉበት ኢንዛይም ይገታል፣ ስለዚህ ክሎሚፕራሚን በደም ውስጥ ይከማቻል። በዚያ ላይ ሁለቱም የልብን የኤሌክትሪክ ምት ያራዝማሉ፤ ሲደራረቡ ምቱ ሊዛባ ይችላል። ሲታሎፕራምና ኤሲታሎፕራም የሚባሉት ሌሎች የድብርት መድኃኒቶችም ልብ ላይ ተመሳሳይ ሥጋት አላቸው፣ ሰርትራሊን ሥጋቱ አነስተኛ ነው። ይህ ማለት ኳርተሙን ጣለው ማለት አይደለም፣ ወባ ይገድላል። አሁኑኑ ወደ መረመረህ ጤና ጣቢያ ተመልሰህ የምትወስደውን በስሙ ንገራቸው፣ ማሸጊያውንም አሳያቸው። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ሊያነሱህ ወይም ሌላ የወባ መድኃኒት ሊመርጡ ይችላሉ። ራስህን ከሳትክ ወይም ልብህ ያለ ሥርዓት ከመታ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ከሮቢት፦ ሁለት ሳምንት ወሰድኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። ልተወው?

ፋርማሲስቱ፦ ለሆጤው ጠያቂ ከላይ መልሼዋለሁ፣ አንብበው። አትተወው።

ከገራዶ፦ አሚትሪፕቲሊን ይረክሳል። እሱ አይሆንም?

ፋርማሲስቱ፦ ለኦሲዲ አይሆንም። አሚትሪፕቲሊን ካለበት የመድኃኒት ቤተሰብ ለኦሲዲ የሚሠራው ክሎሚፕራሚን ነው። ለእንቅልፍ ብላችሁ ከፍሉኦክሰቲን ጋር በራሳችሁ አትደርቡት፣ ፍሉኦክሰቲን በደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋል።

ከኮምቦልቻ፦ ፍሉኦክሰቲን እየወሰድኩ ነው፣ ወገቤን በጣም ያመኛል። ትራማዶል ለአንድ ቀን ብቻ ብወስድስ?

ፋርማሲስቱ፦ ለአንድ ቀንም አይሆንም። ሁለቱም ሰሮቶኒን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል ይጨምራሉ፣ አብረው ሲሆኑ ሊመርዙ ይችላሉ፦ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ የጡንቻ መገተር፣ መቀባዠር። ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ይታያል፣ ከታየም ሐኪም ቤት ነው። የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥም ያመጣል። ደግሞስ ትራማዶል ሕመም በደንብ የሚያስታግሰው ጉበት ከቀየረው በኋላ ነው፤ ፍሉኦክሰቲን ያንን ለውጥ ይገታል፣ ስለዚህ አደጋውን ገዝተህ ማስታገሻውን ታጣለህ። ፍሉኦክሰቲን ካቆምክ በኋላም ለ5 ሳምንት ያህል ጥንቃቄው አይቀርም። ፓራሲታሞል ባለ 500 ውሰድ፣ በቀን ከ8 ፍሬ አይለፍ፤ ጉበትህ ከታመመ ወይም አረቄ የምታዘወትር ከሆነ ግን መጠኑን መጀመሪያ ጠይቅ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከእነዚህ ኪኒኖች ጋር ጨጓራ ያደማሉ፣ ሳትጠይቅ አትውሰድ።

የፒያሳዋ፦ እህቴ 17 ዓመቷ ነው፣ ሰርትራሊን ሊጀመርላት ነው። ምን እንጠብቅ?

ፋርማሲስቱ፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማቅለሽለሽ፣ ልል ሰገራና ራስ ምታት ይኖራል፣ አብዛኛው ይለቃል። ዓይናችሁን የማትነቅሉት ግን ከሌላ ነገር ላይ ነው። ከ25 ዓመት በታች ባሉት ላይ፣ በተለይ ሲጀመርና መጠን ሲለወጥ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊጨምር ይችላል። መቁነጥነጥ፣ መቀመጥ አለመቻል፣ ድንገተኛ ቁጣ፣ ስለ ሞት ማውራት ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ውሰዷት፣ ብቻዋንም አትተዉአት። በቀጥታ ጠይቋት፣ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣውም። ኪኒኑን ትልቅ ሰው ይያዘው፣ በቁልፍ። ቤት ውስጥ ክሎሚፕራሚን ካለ ይበልጥ፤ ከመጠን በላይ ሲወሰድ ልብ ያቆማል። እንቅልፍ ሳትፈልግ ቀናት ከዋለች፣ ያለ ልክ ከፈነጠዘችና ገንዘብ ከበተነችም ለሐኪሟ ንገሩ፤ ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) የተደበቀበት ሰው ላይ ይህ ይታያል።

ከቧንቧ ውሃ፦ የንግግር ሕክምናስ?

ፋርማሲስቱ፦ ይጠቅማል፣ ከመድኃኒቱ ጋርም ይሄዳል። ዝርዝሩን የሥነ ልቦና ባለሙያ ጠይቅ፣ የእኔ ሙያ አይደለም።

ከሆጤ፦ ጸበል ልንወስደው አስበናል። እዚያ እስካለን ኪኒኑን ያቁም?

ፋርማሲስቱ፦ አያቁም። ጠበሉን መጠመቅና መጠጣት ከመድኃኒቱ ጋር አይጋጭም፤ የምትቆዩበትን ቀን ያህል ፍሬ ቆጥራችሁ ያዙ። ሰርትራሊን ድንገት ሲቆም በቀናት ውስጥ ማዞር፣ ብስጭትና ራስ ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝረት ያለ ስሜት ያመጣል። ፍሉኦክሰቲን ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ይህ ላይሰማ ይችላል፣ «ዳንኩ» የሚያሰኘውም እሱ ነው፤ ወስዋሱ ከሳምንታት በኋላ ይመለሳል። የተሻለው ሰው ቢያንስ አንድ ዓመት ይቀጥላል፣ ከዚያም በሐኪም እጅ በወራት ይቀንሳል።

ከሰኞ ገበያ፦ ያልከኝን ይዤ መጣሁ። ፍሉኦክሰቲን፣ ለባለቤቴ፣ 40 ሚሊግራም። ነፍሰ ጡር ናት፣ ዛሬ ነው ያወቅነው።

ፋርማሲስቱ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። ዛሬ ማታ አታቁም። ነገ ጠዋት ለሐኪሟም ለእርግዝና ክትትል ክፍሉም ንገሩ። የሕመሙ መመለስ ለእሷም ለጽንሱም ጉዳት ስላለው ሁለቱን የሚመዝነው ሐኪሟ ነው። ፓሮክሰቲን የሚባለው የዚሁ ዓይነት መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ቀድሞ ይቀየር ነበር፣ እሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከጽንሱ የልብ ችግር ጋር ይያያዛል። እስከዚያ ሕመም ከተሰማት ፓራሲታሞል፤ ትራማዶል አይሆንም።