የድሮ ፊልሞች ብርታትና ድክመት፦ ለቀረበው ጥያቄ መልስ

የድሮ ፊልሞች በእርግጥ ከዛሬዎቹ ይበልጣሉ ወይ ብለው ለጠየቁት፣ ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1948 የሠራውን «የብስክሌት ሌቦች» እንዲመለከቱ እመክራለሁ። መሪ ተዋናዩ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ቀረጻውም በአብዛኛው በሮም ጎዳናዎች ላይ ተካሂዷል። አባት በጥፊ የመታውን ልጁን ለማባበል ምግብ ቤት ሲያስገባው፣ ልጁም ከጎናቸው የተቀመጠውን የሀብታም ልጅ ሰረቅ አድርጎ እያየ ሲበላ፣ የድህነት ሐፍረት ያለ አንዳች ማብራሪያ ይገባናል፤ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ዛሬ ብርቅ ሆኗል። ድክመቱ ግን አይካድም። ድምፁ ከቀረጻ በኋላ የገባ በመሆኑ አንዳንዴ ከከንፈር ጋር አይገጥምም፤ ሙዚቃውም መቼ ማዘን እንዳለብን አብዝቶ ይነግረናል። ከሁሉ ይልቅ የሚቆጨኝ፣ የአባትየውን ብስክሌት ከመያዣ ለማስለቀቅ የአልጋ አንሶላዎቿን ያስያዘችው ሚስቱ ከታሪኩ ቶሎ መጥፋቷ ነው።